አንዳንድ ጠዋት የማትነሳ መኪና

ባለቤቴ መኪናዋን የገዛት ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ አንድ የእርሻ ባለሙያ ነው። ሁለታችንም ከሚሴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር። መኪናዋ ትንሽ፣ ሁለት በር ያላት፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ ነበረች። ቀለሟ መጀመሪያ ሰማያዊ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ዘንድ ስትደርስ ግን ፀሐይ ልጧት አመድ መስላለች። የግራ መስታወቷ ወደ ታች ከወረደ በእጅ ተጎትቶ ካልሆነ አይወጣም። ወንበሯ ላይ የእርሻ ባለሙያው ሚስት የጠለፈችው ጨርቅ ነበረበት። እሱን ትተውልን ሄዱ።

አማቴ የከብት ነጋዴ ነበሩ። የሰንበቴ ገበያ ካለ እርሳቸው አይቀሩም። መኪናዋ ግቢያችን በገባች ቀን ዙሪያዋን ዞሩ፤ ጎኗን መታ መታ አደረጉ፤ ጎንበስ ብለው ጎማዋን የበሬ ጥርስ እንደሚያዩ አዩ። ከዚያ የፊቱን ክዳን እንዲከፍትላቸው ልጃቸውን አዘዙት። ባዶ ነው፤ ትርፍ ጎማና አንድ ገመድ ብቻ።

"ልቧ የታለ?" አሉ።

"ከኋላ ነው አባ።"

"ከኋላ?" ክዳኑን መልሰው ዘጉት። "ሰውዬው ለምን ሸጣት?"

"ተዛውሮ ነዋ።"

"የተዛወረ ሰው በመኪናው አይሄድም?"

ባለቤቴ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜ ብዙ እስቅ ነበር ይሉኛል የሚያውቁኝ ሰዎች።

መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። በበጋ የጨፋ ሜዳ ሣሩ በከብት ተግጦ ሲያልቅና መሬቱ ሲደርቅ ወደዚያ ይወስደኝ ነበር። የምጋጨው ነገር የለም። እሱ ጎኔ ተቀምጦ፣ "ፍሪሲዮኑን ቀስ፣ ቀስ አድርገሽ ልቀቂው" ይለኛል። እግሬን ቶሎ ሳነሳ መኪናዋ ንብ እንደነደፋት ፍየል ዘላ ትቆማለች። ከብት የሚጠብቁት ሴቶች ቁጭ ብለው ያዩናል። አንዷ በኦሮምኛ፣ "መምህሩ ሚስቱን ምን አርጋው ነው እንዲህ የሚቀጣት?" ስትል ሰምተን መሪው ላይ ተደፍተን ነበር የሳቅነው።

ያመመው መስከረም ውስጥ ነው። የጨፋ ረግረግ ውሃ ሲያቁር ወባው የሚነሳበት፣ ማንም ሰው የሚያውቀው ወቅት ነበር። ከክሊኒኩ መርፌ የሚወጋው ድሬሰር መጥቶ ኪኒን ሰጠው። ኪኒኑን ሲውጥ ይሻለዋል፣ ማታ ይመለስበታል። ከዚያ አንድ ጠዋት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ የሚናገረው አልያያዝ አለ። ድሬሰሩ አይቶት ወደ አማቴ ዞረና፣ "ደሴ ይውሰዱት። ዛሬውኑ፣ አሁን" አላቸው።

መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። በፊተኛው ቀን ሠርታለች። አማቴ ልጃቸውን አቅፈው ከኋላ ገቡ፤ እኔ መሪውን ያዝኩ። ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይይዝም። ደግሜ አዞርኩት። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ በቢስሚላህ ገፋን። ከግቢ ወጥተን እስከ አስፋልቱ እየተገፋን ሄድን። አንድ ሁለቴ አሳላትና ዝም አለች።

ባለቤቴ ከኋላዬ ሆኖ፣ "ቀስ… ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጊው" አለኝ። ጨፋ ሜዳ ላይ ያለን መስሎት ነበር። "አይዞሽ፣ እንደገና።"

እንደገና ሞከርኩ። ባትሪውም ደከመ።

ከአዲስ አበባ የመጣው አውቶቡስ ሞልቶ ነበር፤ አልቆመልንም። ፀሐይዋ ጠንክራ ሳለ እህል የጫነ መኪና ቆመልን። ሾፌሩ ረዳቱን ወደ ጭነቱ ላይ ሰደደና እኛን ጋቢና አስገባን። ሐርቡን አለፍን። ኮምቦልቻ ኬላው ላይ ጭነቱ እስኪፈተሽ፣ መሸኛ ወረቀት እስኪታይ ቆምን። የደሴን ዳገት እህል የጫነ መኪና እንዴት እንደሚወጣው የተሳፈረ ያውቀዋል። ሆስፒታል ስንደርስ ቀኑ ዘንበል ብሏል። አልጋ ሰጡን፤ ግሉኮስ ሰቀሉለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

እንግዲህ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ምን እንደተሰማኝ ጠይቆኛል። እውነቱን ለመናገር የማስታውሰው የግሉኮሱን ጠርሙስ ነው፤ ግማሹ ሳያልቅ መቅረቱን። ነርሷ ስትነቅለው፣ "ይህ ለሌላ ሰው ይሆናል?" ብዬ ጠየቅኋት። ጠርሙሱን ይዛ ወጣች።

ከሚሴ ቀበርነው። ሴቶቹ ከብበውኝ ሲያለቅሱ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እጄን አይ ነበር። አንዲት አክስቱ ጎኔን ቆነጠጠችኝ፤ አልቅሺ ማለቷ ነው። ሰው ይታዘባታል ብላ ነው እንጂ ክፉ ሴት አልነበረችም። ባል የሞተባት ሴት ከቤቷ የምትቆይበት የዒዳ ጊዜ ስለነበረብኝ ዘመዶቼ ሼሁን ጠየቁልኝ። ቀን ለሥራ ብወጣ እንደሚፈቀድልኝ፣ ማታ ግን ከቤቴ እንዳድር ነገሩኝ። ቀን ወጥቼ አስተምራለሁ። ማታ ገብቼ እቀመጣለሁ። አስተማርኩ ስል፣ ጠመኔ ይዤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የመጽሐፉን እጽፋለሁ ማለቴ ነው።

ከዚያ ጨፋ ሮቢት ተመደብሽ የሚል ትእዛዝ ከአውራጃ መጣ። ዳይሬክተሩ፣ ሐዘንተኛ ናት ብሎ ተከራክሮልኝ ነበር፤ አልሆነም። ቤቴን ዘግቼ እዚያ እንዳልኖር ማታ ከቤቴ ማደር አለብኝ። ጠዋት አስፋልቱ ዳር ቆሜ የጭነት መኪና እለምናለሁ፤ የሚያቆም ሲጠፋ በእግሬ እጀምረዋለሁ። እያረፈድኩ አዲሱ ዳይሬክተር ይቆጣ ጀመር።

መኪናዋ ግቢ ውስጥ እንደቆመች ነበረች። ከአስፋልቱ መልሰው የገፏት ጎረቤቶች ናቸው። ዶሮ ከሥሯ እንቁላል ጥላ ነበር።

አማቴ አንድ ቀን ከመስጊድ ሲመለሱ በራፌ ላይ ቆመው፣ "መኪናይቱ ቆማለች" አሉኝ።

"አትነሳም እኮ አባ።"

"እናስነሳታለን።"

"ይሽጧት።"

"የማትነሳ ነገር ማን ይገዛል?" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እሱ ነው ያስተማረሽ። ንጂያት" አሉኝ።

ኮምቦልቻ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ የተበላሸ የጭነት መኪና ሊያይ ከሚሴ መጥቶ ኖሮ አማቴ ይዘውት መጡ። ወፍራም፣ ሲያወራ የማያቋርጥ ሰው ነው። የኋላውን ክዳን ከፈተ። እሳቱን የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በአውራ ጣቱና በጥፍሩ ፈታ፣ ከውስጡ እንዲህ፣ ጥፍር የምታክል ነገር አሳየን። ፕላቲን ትባላለች። ሁለት ትንንሽ ብረቶች ናቸው፣ ሲነካኩና ሲለያዩ ነው እሳቱ የሚፈጠረው። ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

"ይህቺው ናት" አለ። "ቆሽሻ ነው።"

ከኪሱ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ አውጥቶ አንድ ሁለቴ ፈገፈጋት፣ ነፋባት፣ መለሳት። ባትሪውን ጠግኖ ይዞት ከመጣው የጭነት መኪና ጋር አገናኘና ቁልፉን አዞረ። በአንድ ጊዜ ተነሳች።

ሞተሩ እየሠራ ሁለታችንም ቆመን ነበር። አማቴን አላየኋቸውም፤ እርሳቸውም አላዩኝም። መካኒኩ ያወራል፤ ስለ ካርቡራተሩ፣ ስለ ዘይቱ።

"ስንት ልስጥህ?" አሉት አማቴ።

"ምን ሠራሁና አባባ? ሻይ ካጠጣችሁኝ ይበቃኛል።"

ሻይ አፈላሁለት። ስኳር በቀበሌ ራሽን የሚሰጥበት ጊዜ ነበር፤ ለእሱ ግን ብዙ ጨመርኩ። ሲጠጣ አየሁት። መካኒኩ ምንም አያውቅም። የማን መኪና እንደሆነችም፣ መቼ እንደቆመችም አልጠየቀም። አማቴ ሻዩን ሳይነኩ ተነስተው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋን ነዳሁ። ጥቂት ወሬ ነበር። ሐዘን ላይ ያለች ሴት መሪ ጨብጣ፣ ተብሎ። አማቴ ወሬውን ያበረዱት ጎኔ በመቀመጥ ነው። ጠዋት ጨፋ ሮቢት ድረስ አብረውኝ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ጉዳያቸውን ይፈጽማሉ ወይም ዛፍ ሥር ከሰው ጋር ያወራሉ፤ ማታ አብረን እንመለሳለን። የገበያ ቀን ሲሆን ሰንበቴ አደርሳቸዋለሁ። መንገድ ላይ አናወራም። እርሳቸው የተስቢህ ዶቃቸውን ይቆጥራሉ፤ እኔ ድምፅ አዳምጣለሁ። አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ዘፈን አይሰማም፤ ጎማውንና ሞተሩን ነው የሚሰማው።

የጥገናው ነገር አያልቅም ነበር። ራዲያተሯ ታፈሳለች፤ ስለዚህ ጀሪካን ውሃ ከእግሬ ሥር አይጠፋም። የቤንዚን ጋኗ ስትንጠባጠብ ሳሙና አላቁጠን እንለጥፍባታለን፤ ሳምንት ይይዛል። የፍሪሲዮኑ ገመድ ሲበጠስ ያለ ፍሪሲዮን ማርሽ መቀየርን ለመድኩ፤ ሞተሩ ሲተነፍስ ጠብቆ ማስገባት ነው። ከሁሉ የሚያደኸየው ጎማ ነበር። አዲስ አይገኝም። ጎሚስታው የተቀደደውን ከውስጥ በሌላ ጎማ ቁራጭ ይደግፈዋል፣ ካላማዳሪውን፣ የውስጡን ጎማ፣ ይለጥፈዋል፣ እሱም በዚያ ሙቀት እንደገና ይፈነዳል። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሲሞት ከደሴ ሌላ ለማምጣት የባለቤቴን ሙሉ ልብስ ሸጥኩ። የሠርጋችን ልብስ ነበር። ጎረቤቶቼ ያን ቀን ማልቀሴ አይቀርም ብለው መጥተው አብረውኝ ቁጭ አሉ። ገዢው ኮቱን ለብሶ ክንዱን ዘርጋ ሰብሰብ ሲያደርግ አየሁት። እጅጌው ትንሽ ይረዝመዋል አልኩት። እውነትም ይረዝመው ነበር።

ደሞዜ ግማሹ ለእሷ ነበር ብል አላጋነንኩም። ሰው፣ "ከዚህ ሁሉ ለምን አትሸጧትም?" ይለናል። ለአውቶቡስ ብከፍል ርካሽ እንደሆነ አሰላው ነበር፤ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ግን ጠዋት ስነሳ የማደርገው ነገር ነበረኝ። ውሃ መሙላት፣ ዘይት ማየት፣ ጎማውን በእግር መምታት። እነዚህን ከጨረስኩ በኋላ ቀኑ ራሱ ይሄዳል።

አንድ ሌላ ነገርም አደርግ ነበር። ማታ ከሥራ ስመለስ ፕላቲኗን አወጣና እፈገፍጋታለሁ። በየቀኑ። መካኒኩ አላዘዘኝም። ጥቁረት ባይኖራትም እፈገፍጋታለሁ። እስክታብረቀርቅ። ከዚያ እጄን ታጥቤ መግሪብ እሰግዳለሁ።

አንድ የሰንበቴ ገበያ ቀን አማቴ ወይፈኖች ሸጠው አንዲት ፍየል ገዝተው ነበር። ፍየሏን እግሯን አስረን ከኋላ ወንበር አስተኛናት። ከሰንበቴ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን መኪናዋ ትንፈራገጥ ጀመር፤ ትስባለች፣ ትለቃለች፣ ከዚያ ቀጥ አለች። ዳር አወጣኋት። ሙቀቱ የአስፋልቱን ሬንጅ አቅልጦታል። ከገበያ የሚመለሱ አፋሮች ግመሎቻቸውን እየነዱ በጎናችን ያልፋሉ።

ክዳኑን ከፍቼ ፕላቲኗን አወጣኋት። ከቦርሳዬ የብርጭቆ ወረቀቴን አውጥቼ መፈግፈግ ጀመርኩ። አማቴ ወርደው አጠገቤ ቆሙ።

"ሁልጊዜ ይሄ ወረቀት ከቦርሳሽ አለ?" አሉኝ።

"አለ።"

"ሁልጊዜ ታደርጊዋለሽ?"

"ማታ ማታ።"

ጎንበስ ብለው እጄን ያያሉ። እኔ እፈገፍጋለሁ። መለስኳት፣ ሞከርኩ፣ አትነሳም። እንደገና አወጣኋት፣ እንደገና ፈገፈግኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ፍየሏ ትጮሃለች።

"በቃ አሁን" አሉኝ። "ነይ ጥላ ሥር ተቀመጪ።"

ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈትተው ፊታቸውን ጠረጉ። ሳያዩኝ፣ "ክሊኒክ ሄጄ ነበር" አሉ።

"አሞዎት ነበር?"

"አላመመኝም። ያንን ድሬሰር ልጠይቀው ነው የሄድኩ። ጠዋቱን ብንነሳ፣ መኪናይቱ ብትሄድልን፣ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት።"

እጄ ላይ የነበረውን ወረቀት አጠፍኩት።

"ምን አለዎት?"

"አላውቅም አለኝ። ሌላ ቀን ተመልሼ ሄድኩ። አሁንም አላውቅም አለኝ። ሦስተኛ ስሄድ ተቀምጦ፣ 'አባባ፣ ይተርፍ ነበር ብልዎት ምን ያደርጋሉ? አይተርፍም ነበር ብልዎትስ?' አለኝ።" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "ድሬሰሩ አልዋሸኝም። እኔ ግን እንዲዋሸኝ ነበር የሄድኩ።"

 አላህ ያለው ነው ማለት ይቻል ነበር፤ እርሳቸው ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ሁለታችንም ግመሎቹን አየን።

"መኪናይቱን ትጠያታለሽ?" አሉኝ።

"አልጠላትም። ምንም አይሰማኝም አባ። ስለ እሷም፣ ስለ ምንም።"

"እኔም" አሉ። "ወይፈን ሸጬ ገንዘቡን ሳልቆጥር ኪሴ እከተዋለሁ። ገበያ ውስጥ ሰው ይታየኛል፣ ድምፅ ይሰማኛል፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም።"

በዚያች ጥላ ሥር ያወራነው ይህን ያህል ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ከሰው ጋር የተነጋገርኩት የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል።

ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና ቆመልንና በገመድ ጎተተን። ከሚሴ ስንደርስ ፍየሏን አወረድን፣ ለእኔ ደግሞ የዒዳዬ ጊዜ አልፎ ስለነበር ጉዞውን ቀጥለን እስከ ኮምቦልቻ ተጎተትን። በገመድ መጎተት ቀላል ይመስላል፤ ገመዱ እንዳይላላ፣ ከፊተኛው ጋር እንዳልጋጭ ፍሬኑን እየያዝኩ እየለቀቅኩ እግሬ ደነዘዘ። በማግስቱ፣ ዘመድ ቤት አድረን፣ መካኒኩ ጋራዥ ሄድን።

መካኒኩ ፕላቲኗን አውጥቶ ወደ ብርሃን አነሳት። ማውራቱን አቆመ። እሱ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ይቺን ማን ነው እንዲህ የጨረሳት?" አለ።

 ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

"እኔ ነኝ" አሉ አማቴ።

"እርስዎ? ለምን አባባ?"

"እንዳትቆም ብዬ።"

"እንዳትቆም?" ሰውዬው ተናደደ። "በየቀኑ ፈግፍገዋታል! ይህ የቢላዋ ስለት ነው እንዴ? ሥጋዋን ጨርሰው አጥንቷን አስቀሩት። አልፎ አልፎ፣ ስትቆሽሽ ብቻ ነው የሚነካው። ባይነኳት ዕድሜ ልኳን ታገለግልዎ ነበር። ተጨንቀው ነው የገደሏት!"

አማቴ የከብት ነጋዴ ናቸው። በሦስት ገበያ የሚታወቁ፣ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠሩ፣ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎባቸው የማያውቅ ሰው ናቸው። ያ ዘይት የነካው ጎልማሳ ሲጮህባቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። "አጥፍቻለሁ" አሉት። "ሁለተኛ አይለምደኝም።"

እኔ ወጣሁ። ከጋራዡ ጀርባ አሮጌ ጎማ የተከመረበት ቦታ አለ። ከጎማዎቹ በአንዱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ብዙ አይደለም። ማልቀስ የረሳሁት ነገር ስለነበር እንባው መጥቶ ወዲያው ቆመ፤ ሳል ሆነብኝ። ተመልሼ ስገባ ሁለቱ ስለ ዋጋ ይነጋገሩ ነበር። አዲስ ፕላቲን ኮምቦልቻ የለም፣ ደሴም የለም፤ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሾፌር አደራ ተባለ። ስትመጣ ዋጋዋ አስደነገጠኝ። ከእሷ ጋር ሙሉው ዲስትሪቢዩተር ይቀየር ተብሎ ሁለት ወር ቆጥቤ ነው የከፈልኩት። አማቴ ልክፈል አሉ፤ እምቢ አልኩ።

መኪናዋን ይዘን ስንመለስ ሐርቡን ካለፍን በኋላ፣ "ከእንግዲህ ዲሲ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ በኦሮምኛ። ተይው ልጄ፣ ማለታቸው ነው።

"እሺ" አልኳቸው። ብርጭቆ ወረቀቱን በመስኮት ጣልኩት። መስታወቱን ለማውጣት ቆመን ሁለት እጅ መጎተት ነበረብን።

ከዚያ በኋላ ሰው የታመመበት ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ከሚሴ ውስጥ ከመንግሥት መኪኖች በቀር ሰው በር አንኳኩቶ የሚለምናት መኪና የእኔ ብቻ ነበረች። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ቀበሌው ለሕመምተኛ ትንሽ ይጨምርልኝ ነበር። ወባ ያለበት፣ ምጥ የጠናባት፣ በሬ የወጋው። አንድንም ሰው እምቢ ብዬ አላውቅም፤ ግን አስቀድሜ አንድ ነገር እነግራቸው ነበር።

"ትነሳ ይሆናል፣ ላትነሳም ትችላለች" እላለሁ። "እኔ ስሞክር ከእናንተ አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ ይቁም። የጭነት መኪና ካለፈ ያስቁም። እሷን ብቻ አትመኑ።"

አንዳንዱ ይከፋው ነበር። መኪናዋን ለመስጠት የሰሰትኩ ይመስለዋል። እኔ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ይህንን አልኩ። ብዙ ጊዜ ተነሳች። አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት የመጣች የገበሬ ሚስት፣ ዓይኗ ቢጫ የሆነ፣ ደሴ አድርሰናት በሳምንቱ በእግሯ ተመለሰች። ባሏ እርጎ ይዞልኝ መጣ፤ አልቅሶ እጄን ሳመኝ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቅ ነበር። እርጎውን ተቀበልኩ፣ ዕቃውን አጥቤ መለስኩለት። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ሽማግሌ ስናደርስ አልጋ ሳይዙ ሞቱ። ልጆቻቸው ማታ ሲመለሱ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን መኪናዋ ምንም አላስቸገረችም፤ ዳገቱን እንደ አዲስ ነበር የወጣችው።

ከድርቁ ዓመት በኋላ የመኪና ዕቃ የሚባል ነገር ጠፋ። ዳገት ላይ ሞተሯ ከመጠን በላይ ሞቆ የቴስታዋ ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩን ክዳን የሚያትመው ሽፋን፣ ተቃጠለ፤ ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ቡና በወተት መሰለ። መካኒኩ ከኮምቦልቻ መጥቶ አየና፣ የጥገናው ዋጋ የመኪናዋን ዋጋ እንደሚበልጥ ነገረን። አልተጨነቀም ሲናገር፤ እኛም አልተጨነቅንም። አማቴ ያን ጊዜ ጉልበታቸው ደክሞ ገበያ መሄድ ትተዋል። ወንበር አውጥተንላቸው ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

"አንቺ ምን ትያለሽ?" አሉኝ።

"ይውሰዳት።"

"ለራሱ ነው?"

"ለዕቃዋ" አለ መካኒኩ። "አንዳንዱ ዕቃዋ ለሌላ ይሆናል።"

ተስማማን። በጭነት መኪና ጎትቶ ወሰዳት። ከመሄዱ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረውን የተጠለፈ ጨርቅ አውጥቶ ሰጠኝ፤ እንዲያስቀረው መለስኩለት፣ ምን ላደርገው።

በቀጣዩ ሰኞ ጠዋት አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። እህል የጫነ መኪና ቆመ፤ ሾፌሩ ከዓመታት በፊት ጀምሮ መንገድ ላይ የምንተያይ፣ ቆሜ ስጠግን ፍጥነቱን ቀንሶ ሰላም የሚለኝ ሰው ነበር።

"መኪናሽስ?" አለኝ ገና ሳልገባ።

"ሸጥናት።"

"ስንት አወጣች?"

ነገርኩት።

"ተበልታችኋል" አለ። ማርሽ አስገባ። "ማስነሻ ሞተሪኖዋ ብቻውን ከዚያ በላይ ያወጣል። ምንዋ ነበር የሄደው?"

"የቴስታ ጓርኒሲዮን።"

"እና በእሱ ምክንያት ሸጣችኋት? እኔ የዚህችን ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ።" ከዚያ ስለ ራሱ መኪና ይነግረኝ ጀመር። የቱ ዕቃ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው ጋራዥ እንደሚያጭበረብር፣ ባሌስትራው ባቲ መንገድ ላይ ሲሰበር በምን እንዳሰረው። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ ሳርመው በግርምት አየኝ። ጨፋ ሮቢት እስክንደርስ ተከራከርን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውርዶኝ ሲሄድ ደወሉ ገና አልተደወለም ነበር።